የሌለ ፌርማታ

«ሹፌሩ የት ሄደ? ደግሞ ወረደ እንዴ?»

ጥያቄው ከአውቶቡሱ ወገብ ተነሥቶ የፊት ወንበሮች ጋ ሲደርስ ጩኸት ሆኗል። የመስመር አሥራ ሰባት አውቶቡስ ሞተሩን እያንተከተከ ከነዳጅ ማደያው ጥግ ቆሟል። በሮቹ ክፍት ናቸው፤ የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። ውስጡ ሰው እንደ ክብሪት እንጨት ታጭቋል። ቦታው ፌርማታ አይደለም፤ ሰዓቱ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው የሚሮጥበት ነው።

ሹፌሩ በዚያን ሰዓት ከማደያው ጀርባ ባለች ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከሁለት ደቂቃ በፊት ሽንቱ ወጥሮት መሪውን ሊያስለቅቀው ምንም አልቀረውም ነበር። አሁን ቆሞ ሲጠብቀው ግን እንደ ኩሩ እንግዳ አልመጣም አለ። ጠብ አለና ቆመ። ደግሞ ጠብ አለና ቆመ።

«ና እንጂ አንተ!» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ ከገዛ አካሉ ጋር እንደሚጣላ ሰው።

ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እጁን ሰዶ እየነፋው መሆን አለበት። ሱሪውን አስተካክሎ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው እምብዛም ሳይጎድል፣ እንደ ሌባ እየተጣደፈ ወጣ።

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሃያ ሁለቱን የጨረሰው መሪ ላይ ነው። ባልደረቦቹ «ደቂቃው» ይሉታል። አንድም ቀን አርፍዶ ስለማያውቅ፣ በየፌርማታው ያሉ ባለሱቆች በእሱ አውቶቡስ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ ይባል ስለነበር የወጣለት ስም ነው። ስሙን ይወደው ነበር። ከዓመት ወዲህ ግን ሰው ሲጠራበት የሚያሾፍበት ይመስለዋል።

በሩ ላይ ቲኬት ቆራጯ ሁለት እጇን ዘርግታ ተሳፋሪውን እየመከተች ነው። ስምንት ዓመት አብራው ሠርታለች፤ ምላሷ ከቲኬት መቁረጫዋ ይፈጥናል።

«ምን ሆናችኋል? ናፍጣ የሚጠጣው መኪናው እንጂ ሰውየው አይደለም! እናንተ የምትሄዱበት የለም?»

«በየሃያ ደቂቃው ነው እንዴ የሚኬደው?» አለ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ስልኩን ሹፌሩ ላይ አነጣጥሮ። «ይኸው እየቀረጽኩ ነው። ዛሬውኑ ለአለቆቹ ነው የምልከው።»

«ሲጋራ ሊምግ ነው የወረደው!»

«ኧረ ማደያው ውስጥ ሌላ ሚስት ሳያስቀምጥ አይቀርም» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ።

ሹፌሩ ማንንም ሳያይ ወንበሩ ላይ ወጣ። በሩን ሊዘጋ ሲል፣ ከኋላው የቆመች፣ ማህደር ደረቷ ላይ ያቀፈች ወጣት ሴት ጎንበስ አለችለት።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሥራ ፈተና አለብኝ። ካለፈ በሩን ይዘጉታል።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖረው በተሻለው ነበር።

ሰዓቱን አየ። ሁለት ከሃያ ሦስት ይላል።

«አደርስሻለሁ» አላት።

አላመነችውም። በተከፈተው በር ወርዳ ሮጠች። ትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርስባት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። በሩን ከፍቶ በእጁ ጠራት። ቀና ብላ አየችውና አይሆንም በሚል ራሷን ነቅንቃ ሩጫዋን ቀጠለች። የባለ ክራባቱን ዛቻ ከምንም አልቆጠረውም። ያቺ ልጅ ከእሱ አውቶቡስ ይልቅ በባዶ እግሯ መተማመኗ ግን አንጀቱን አሳረረው።

*

የስምሪት ኃላፊው ከእሱ በሃያ ዓመት ያንሳል። ዴፖው ውስጥ ሥራ ሲጀምር መስመሮቹን እያዞረ ያሳየው ሹፌሩ ራሱ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ወረቀቶች በጣቱ እየገፋ፣ ዓይኑን ከሹፌሩ ዓይን እያሸሸ ተቀምጧል።

«በዚህ ወር ብቻ ስድስት አቤቱታ ነው ጋሼ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቪዲዮ መጣልኝ።»

«ሞተሩ ይግላል ብዬ ጽፌ ነበር እኮ።»

«ጽፈዋል። ሜካኒኮቹ ሦስት ጊዜ ፈትተው ገጠሙት። ‹ሞተሩ ከእኛ ይሻላል› አሉኝ።» ሊስቅ ዳዳውና ተወው። «እውነቱን ይንገሩኝ። መጠጥ ነው? ከቤት ጭቅጭቅ አለ?»

«መጠጥ?» ሹፌሩ ከወንበሩ ሊነሣ ቃጣው። «እኔን? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጎማ ያላስተነፈስኩትን ሰውዬ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ከአፉ ሊወጣ ደረሰ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የመስመሮች ካርታ አየ። ከበሩ ውጭ ሻይ እየጠጡ የሚንጫጩትን ሹፌሮች ሰማ። ነገሩ ከዚህ ክፍል ከወጣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አዲስ ስም እንደሚወጣለት ያውቃል። ምን ዓይነት ስም እንደሚሆንም ያውቃል።

«ወገቤን ነው የሚያመኝ» አለ።

«እንግዲያው የሐኪም ወረቀት ያምጡ። ነገ ግማሽ ቀን ፈቅጄልዎታለሁ። ያለ ወረቀት መሪ አላስይዝዎትም፤ ጋራዥ ገብተው መለዋወጫ ይቆጥራሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅርታው ከቅጣቱ የበለጠ አናደደው።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ጠረጴዛው ላይ እራትና ውሃ የሞላ ብርጭቆ ቀርቦለታል። እራቱን በላ፤ ብርጭቆውን አልነካውም። ከጠዋት ጀምሮ የጠጣው ግማሽ ስኒ ሻይ ብቻ ነው። ካልጠጣ አይወጥረውም ብሎ ከወሰነ አራት ወር ሆኖታል። ከንፈሩ እንደ ጠፍ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ሽንቱ ግን ያው ነው።

«ውሃውን ለማን ነው የምትቆጥበው?» አለች ከስፌቱ ቀና ሳትል።

«አልጠማኝም።»

«አልጠማህም። አላመመህም። አልደከመህም። አንተ የሌለብህ ነገር ብዛቱ!» መርፌውን አቆመችው። «ለአውቶቡሱ በሰዓቱ ዘይት ትቀይርለታለህ፤ ለራስህ ግን...»

«ይህን የዘይት ነገር ሰማንያ ጊዜ ነግረሽኛል!»

«ሰማንያ አንደኛውንም ትሰማለህ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ደግሞ ተረት ጀመረሽ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ስልህ ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። እሺ፣ ሲቃጠል ምን እንደምትል አያለሁ።»

ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ከእሷ ጋር መከራከር እንደዚያ ነው ብሎ አሰበ። እሷም ስለ እሱ በትክክል ይህንኑ እያሰበች ነበር። ጠዋት ሲነሣ የታጠበ ሸሚዝና መታወቂያው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘ። ለዛሬ ግማሽ ቀን ፈቃድ እንዳለው አልነገራትም ነበር። ቲኬት ቆራጯ ደውላላት መሆን አለበት።

*

ሆስፒታሉ ውስጥ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተሰለፈ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሲደርስ ሲስተም ጠፋ ተባለ። ሲስተሙ ተመልሶ ሲመጣ የአታሚው ወረቀት አለቀ። ወረቀቱ ሲመጣ ካርድ የምታወጣው ልጅ ቁርሷን ልትበላ ሄደች። ሹፌሩ በየአምስት ደቂቃው የእጅ ሰዓቱን እያየ እርር ትክን አለ። በእሱ አውቶቡስ ላይ አሥር ደቂቃ ቢቆም ቪዲዮ ይቀረጻል፤ እዚህ ሁለት ሰዓት ቁጭ ያደረጉትን ማን ይቅረጻቸው?

ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ደርሶ ተመለሰ። ሁለቱንም ጊዜ ተራው ተወስዶ ጠበቀው።

ያለ ሥራ ሲቀመጥ ሰው መቁጠር ልማዱ ነው፤ ከአውቶቡስ የመጣ ልማድ። አግዳሚዎቹን ቆጠራቸው። እርጉዞች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ሴት ልጆቻቸው ክንዳቸውን ይዘው ያመጧቸው ሽማግሌዎች። የእሱ እኩያ የሆኑ ወንዶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ እግሩ በጀሶ ታሽጓል፤ ሌላው ሚስቱን አጅቦ የመጣ ነው። ያ አጃቢ ሹፌሩን አየና «አንተም ሚስትህን ይዘህ ነው?» አለው። ሹፌሩ ሳያስበው «አዎ፣ ውስጥ ገብታለች» አለ። ከዚያ በገዛ ውሸቱ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በመጨረሻ ነርሷ ጠራችውና ክንዱ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠመጠመች። መለኪያውን አየች። እንደገና ነፋችው። አሁንም አየች።

«መቶ ሰባ በመቶ አምስት። ደም ግፊት እንዳለብዎት ያውቁ ነበር አባቴ?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ አስቀምጣችሁኝ ስንት እንዲሆን ነው የጠበቃችሁት?»

ነርሷ ሳቀች። «አንዳንዱ ከንዴት ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ግን ከንዴት አይደለም። ከዚህ በፊት የተለኩት መቼ ነው?»

«መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ ዓይኔን ያዩኛል። ፊደሉን አነባለሁ፣ ማህተም ይመታል፣ አለቀ።»

«ግፊቱንስ?»

«ዓይኔ ደህና ከሆነ መቼ ጠየቁኝ?»

ቁጥሩን በቀይ ቀለም ጻፈችና ወደ ዶክተሯ ክፍል መራችው።

ዶክተሯ በዕድሜ የእሱ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ይህም ቆሽቱን አሳረረው። ጥያቄዎቿን ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ በአንድ፣ ያለ ማፈርና ያለ ችኮላ ነበር የምትጠይቀው።

«ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?»

«አንድ... ሁለት ጊዜ።»

ቀና ብላ አየችው።

«እሺ፣ አራት» አለ። «አንዳንዴ አምስት።»

«ሲሸኑ ይቆራረጣል? ጨርሰው ያልጨረሱ ይመስልዎታል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ብዙ ወንዶች የሚነግሩኝ ነው። ማለቴ፣ የሚመጡት ይነግሩኛል። ከሽንት ፊኛ ሥር ፕሮስቴት የምትባል እጢ አለች፤ ስታብጥ መተላለፊያውን ታጠበዋለች። ውሃስ ይጠጣሉ?»

«ትቻለሁ።»

«በምን ምክንያት?»

«እንዳይወጥረኝ ነዋ!»

«ኩላሊትዎን እየቀጡ ነው እንጂ እጢዋ በውሃ ጥም አትሟሽሽም።» ብዕሯን አስቀመጠች። «አባትዎ እንዲህ ያለ ችግር ነበረባቸው?»

«አባቴ በወገብ ሕመም ነው የሞተው። ካረፈ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው።»

«ወገብ ብቻውን ሰው አይገድልም ጋሼ። ያስታመማቸው ማን ነበር?»

«ታላቅ እህቴ።»

«ይጠይቋት። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።» ከዚያ ተነሥታ ጓንት ከካርቶኑ መዘዘች። «አሁን እጢዋን በጣት መመርመር አለብኝ። ከኋላ በኩል ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ደስ አይልም፣ ግን አያምም።»

ሹፌሩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ።

«ወንድ ሐኪም የለም?»

«አለ። የሚገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ።»

«ይመጣሉ?» አለች። ጥያቄው ፌዝ አልነበረውም። እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ከኋላው «እስከ ስድስት ሰዓት እዚሁ ነኝ» ስትል ሰማት።

*

ኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ እህቱ ጋ ደወለ። ለምን እንደደወለ ራሱም በቅጡ አያውቀውም። ምናልባት «አባባ ወገቡን ነበር ያመመው፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም» እንድትለው ፈልጎ ይሆናል። እንዲያ ብትለው ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱ መግባት ይችላል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባን የገደለው ምን ነበር?»

ከእህቱ ወገን የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ውሃው ተዘጋ።

«ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

«ሐኪም ቤት ነኝ። ጠየቁኝ።»

«ምን ሆነህ ነው ሐኪም ቤት የሄድከው?»

«እትዬ!»

«ሽንቱ ነበር» አለች። «ሽንቱ እምቢ አለው። መጀመሪያ ዓመት ሙሉ ደብቆን ኖረ፤ እኔም ያወቅኩት ልብሱን ሳጥብ ነው። በስንት ልመና ሐኪም ቤት ስወስደው ወደ አጥንቱ ገብቷል አሉን። ወገቤን ይል የነበረው እሱ ነው። ወገቡማ አመመው፣ አልዋሸም። ግን ወገብ አልነበረም።»

ሹፌሩ የመስኮቱን ብረት ጨበጠ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ?»

«አስምሎኛል! እግሩ ሥር አስቀምጦ አስማለኝ። ‹ለወንዶቹ እንዳትነግሪ፣ አባታችን ልብሱ ላይ ሸና እንዳይሉኝ› አለኝ። እኔስ ምን ላድርግ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

«ሆድ ይፍጀው! ሆዱ ፈጀው አይደል እንዴ! እኛንም ይፍጀን ነው?» ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። «ይህ እኮ የእሱ ምስጢር ብቻ አይደለም! እኔ ልጁ ነኝ! ሐኪሟ ስትጠይቀኝ እንደ ጅል ‹ወገብ› እያልኩ...»

«አንተስ?» አለች እህቱ፤ አሁን የእሷም ድምፅ ተነሥቷል። «አንተ መች ነገርከን? ሚስትህ ዓመት ሙሉ እያለቀሰች ስትደውልልኝ፣ እኔ ስደውልልህ ‹ደህና ነኝ› አይደል ስትለኝ የኖርከው? በምን ትለያለህ? ቁርጥ አባትህ!»

ትናንት ለስምሪት ኃላፊው «ወገቤን» ያለው ራሱ ነው። ማንም አላስማለውም።

እህቱ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው። «ታናሽህም ባለፈው እሑድ እኔ ጋ መጥቶ ሦስት ጊዜ እየወጣ ተመለሰ» አለች ዝቅ ብላ። «ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ‹ሻይሽ ነው› አለኝ። ገና ስኒውን አልነካውም ነበር።»

ስልኩን ዘጋ። በአባቱ ሊናደድ ፈልጎ ነበር። ዓይኑ ላይ የመጣበት ግን አባቱ ሳይሆን የአባቱ አልጋ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛበት አልጋ፤ ወንዶች ልጆቹ ሲገቡ እስከ አገጩ የሚስበው ብርድ ልብስ። ያኔ በርዶት ይመስላቸው ነበር።

ወደ ዶክተሯ ክፍል ተመልሶ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«አባቴ በዚሁ ነው የሞተው። ወደ አጥንቱ ገብቶ ነበር» አለ። ከዚያ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ። «በይ ጨርሺው፣ ሳልጠፋ።»

ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ሳያነብ አለቀ። ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ነገር ይህን ያህል አጭር መሆኑ ራሱ አናደደው።

ዶክተሯ እጇን ታጥባ ተመለሰች።

«እጢዋ አብጣለች። በአንድ በኩል ደግሞ ጠንከር ያለ ቦታ አለ።»

«ካንሰር ነው?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ብዙ ጊዜ ዕድሜ ያመጣው እብጠት ብቻ ይሆናል፤ ግን አባትዎን እየሰማሁ በግምት አልሸኝዎትም። ዛሬ ደም ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ውጤቱን አይተን ናሙና መውሰድ የሚያስፈልግ ከሆነ እንወስዳለን። ለግፊቱ ኪኒን ከዛሬ ይጀምራሉ። ጨው ይቀንሱ፣ ውሃ ይጠጡ።»

«ቀድሜ ብመጣስ ኖሮ?»

«ቀድመው ቢመጡ ቀድመን እናውቅ ነበር» አለች። ልታባብለው አልሞከረችም። «ወንድም አለዎት?»

«አንድ ታናሽ አለኝ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው።»

«ከእሱ ጋር እንዲህ አንገናኝ። አባቱ በዚህ የሞተ ሰው እስኪያመው አይጠብቅም፤ ከአርባ አምስት ጀምሮ መታየት አለበት።» ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈውን ወረቀት ሳበች። «ለመሥሪያ ቤትዎ ምን ብዬ ልጻፍ? አንዳንዶች ሌላ ነገር እንድጽፍላቸው ይጠይቁኛል።»

ሹፌሮቹንና ሻያቸውን አሰበ። ሊወጣለት የሚችለውን ስም አሰበ።

«ያለውን ጻፊው» አለ።

ደሙን ከሰጠ በኋላ፣ ክንዱ ላይ ጥጥ እንደተለጠፈ፣ የቀጠሮ መስኮቱ ፊት ተሰልፎ ለወንድሙ ደወለ። ወንድሙ ሕንፃ ቀቢ ነው። ከጀርባው የነፋስና የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ! መሰላል ላይ ነኝ፣ ፍጠን!»

«ለመሆኑ ሽንትህ እንዴት ነው?»

«ምኔ?»

ሹፌሩ ዙሪያውን አየ። ከፊቱ የቆመችው ሴት ዞራ ነበር፤ ቶሎ ፊቷን መለሰች።

«ሽንትህ። ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለህ?»

ወንድሙ ከሦስተኛ ፎቅ የሚሰማ ሳቅ ሳቀ። «አረጀህ እኮ ጋሼ! ሰው ወንድሙን ስለዚህ ይጠይቃል? እኔ እንደ ፈረስ ነኝ። ይልቅ አንተ ራስህን ታከም።»

«ስማኝ፣ አባባ የሞተው በወገብ አይደለም። አሁን ለእትዬ ደውዬ...»

«በኋላ፣ በኋላ። ቀለሙ እየደረቀብኝ ነው። ደህና ነኝ አልኩህ እኮ! ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም?»

«አንተ! እትዬ ቤት ሦስት ጊዜ...»

ስልኩ ተዘጋ። እንደገና ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውል የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻሉም የምትለዋ ሴት መለሰችለት።

ስልኩን ግድግዳው ላይ ሊወረውረው ከጀለ። ደንቆሮ! ግትር! የሰው ምክር የማይሰማ የድንጋይ ልብ! በልቡ የሚያወርደውን ስድብ ሁሉ ባለቤቱ አንድ በአንድ ለእሱ ብላው እንደነበር ትዝ ሲለው ስድቡ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር ማለት ነው የምትቃጠለው። እሷ ግን ስልክ ዘግቶባት እንኳ ማታ ውሃውን አቅርባ ትጠብቀዋለች።

«ቀጣይ!» አለች የቀጠሮ ጸሐፊዋ።

ወረቀቱን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለከው። ጸሐፊዋ ሳታየው መዝገቡን ገለጠች።

«ለሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«ሁለት አድርጊው።»

«ሁለት ሰዓት ነው ያልኩዎ።»

«ሰዓቱን አይደለም። ሁለት ሰው አድርጊው። አንዱ የታናሽ ወንድሜ ነው።»

«የታለ?»

«ግድግዳ እየቀባ ነው።»

«ራሱ መጥቶ ነው የሚይዘው አባቴ። እንዲህ ቀጠሮ ይይዙና አይመጡም፤ የሌላ ሰው ቦታ ይባክናል።»

«ራሱ አይመጣም» አለ ሹፌሩ። «እኔም ራሴ አልመጣሁም፤ መሪ ነጥቀው ነው የላኩኝ። እሱን የሚነጥቀው አለቃ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት በራሱ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ሲወጣ አብሬው ነኝ፤ ቢሰድበኝም ቢስቅብኝም ይዤው እመጣለሁ።»

ጸሐፊዋ አሁን ቀና ብላ አየችው። ከኋላው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀምሯል።

«ኧረ ፍጠን ወንድም፣ እኛም ሥራ አለን!» አለ አንዱ።

ሹፌሩ አልዞረም።

«ዕድሜ?» አለች ጸሐፊዋ።

«አርባ ስምንት።»

«ሕመሙ ምን ልበል?»

ከፊቱ የነበረችው ሴት ቀጠሮዋን ይዛ ገና አልሄደችም፤ ያ ሚስቱን ያጀበው ሰውዬም አግዳሚው ላይ ሆኖ ወደዚህ እያየ ነው።

«እሱን ብትጠይቂው ምንም የለብኝም ይልሻል» አለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «አባታችን ግን በሽንት በሽታ ነው የሞተው። እሱን ጻፊ።»